የሰቆጣ ስም ለመሐላ፣ የሰቆጣ እናት ለቃሬዛ!

መሐላ ሲምሉ ስም ይጠሩበታል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲምል የጠራው የሰቆጣን ስም ነበር። «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። በ2022 ዓ.ም. ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች የሆነ አንድም ሕፃን አይቀነጭርም፤ ቃሉ ይኸው ነው። የ1977ቱ ረሃብ ጠባሳ ያልሻረለት የዋግ ሕዝብ ስሙ ለእንዲህ ያለ ነገር ቢመረጥ አልጠላንም። ቀነ ገደቡ ግን ደጃፋችን ላይ ቆሟል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት በአገሪቱ ከ100ው 37ቱ፣ በአማራ ክልል 41ዱ ቀንጭረው ተገኝተዋል።

ለመሆኑ ቃሉን የሚፈጽመው ማን ነው?

መቀንጨር በስብሰባ ብዛት አይድንም። ጉዳቱ የሚደርሰው ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት 1,000 ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ነፍሰ ጡሯን የሚከታተል፣ የሚያዋልድ፣ ሕፃኑን የሚመዝን፣ ተቅማጥ ሲይዘው ፈጥኖ የሚያክም ሰው ያስፈልጋል። ሰው! ግድግዳ አይመዝንም፣ ቆርቆሮም አያዋልድም።

ጤና ኬላ አልተሠራም፣ ጤና ጣቢያ አልተከፈተም አንልም። በመንግሥት ስሌት አንድ ጤና ኬላ እስከ 5,000፣ አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ሰው ያገለግላል። ለሜዳ አገር ይሆን ይሆናል። የተከዜ ሸለቆ ግን በስሌት አይሻገርም። ከዝቋላ፣ ከሳህላ፣ ከአበርገሌ ቆላ ምጥ የጠናባት እናት መኪና በማይገባበት በቃሬዛ ነው የምትወጣው። ተሸካሚዎቹ ላብ በላብ ሆነው ሲደርሱ አዋላጅ ነርሷ ከሌለች ያ ሁሉ ሲሚንቶ ምን ዋጋ አለው? በዚያ ላይ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የዞኑ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ቁስሉ ሳይጠግ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ድርቁ መጣ።

«ባለሙያ ቆላ አይቀመጥም» ይባላል። እንዴት ይቀመጥ? የሚያድርበት ቤት ከሌለ፣ ውኃና መብራት ከሌለ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያው በወሩ ካልደረሰው፣ ወደ ከተማ ቢሸሽ ማን ይፈርድበታል? የሚገርመው፣ ቆላው አካሚ አጥቶ ሲያቃስት ተመርቆ ሥራ ያጣ ሐኪም በየከተማው መኖሩ ነው። ሥራ ያገኘውም በግንቦት 2017 ዓ.ም. «ደመወዛችን አላኖረንም» ብሎ ሥራ ሲያቆም እስር ጠበቀው። ሐኪም አስሮ ጤና እጠብቃለሁ ማለት የጥማድ በሬውን አርዶ ማሳ አርሳለሁ እንደ ማለት ነው።

ነገሩ የማይቻል ሆኖ አይደለም። ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን ጎን ለጎን አሠልጥኖ በቡድን ገጠር አወረዳቸው። በ1995 ዓ.ም. የተወጠነው የጤና ኤክስቴንሽንም 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ከየአካባቢያቸው መልምሎ፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት መደበ። ከ30,000 በላይ ሆኑ። ይህን የሠራው ኢሕአዴግ ነው፤ ብንነቅፈውም ሐቁን አንደብቅም። ሁለቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ ሥልጠናው ወደ ሕዝቡ ሲቀርብ ባለሙያውም ለሕዝቡ ይቀርባል።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። አንደኛ፣ አዋላጅና ነርስ የሚሆኑ የዋግ ልጆች ከየወረዳቸው ይመልመሉ፤ ኽምጥኛ ለምትናገር እናት በቋንቋዋ የሚያዋራት ይኑር። ተምረው ሲመለሱም ቅጥር ይጠብቃቸው። ሁለተኛ፣ ከአዲስ ሕንፃ በፊት ለቆላ ተመዳቢው መኖሪያ ቤት፣ በወሩ የሚከፈል የበረሃ አበል፣ ለማዋለጃ ክፍሉ ውኃና መብራት ይቅደም። የአምቡላንሱም ነዳጅ አይረሳ። ሦስተኛ፣ በሰቆጣ ስም የገባው ገንዘብ ወረዳ በወረዳ ምን እንደ ሠራ ለሕዝብ ይነገር። ስማችንን ሰጥተናል፤ ሒሳቡን ማየት መብታችን ነው።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። ዛሬ ሰቆጣ ዙሪያ የሚያሰጋን ሁለቱም እንዳይጠፉ ነው፤ የተነገረው ቃልም፣ የተወለደውም ልጅ። ሳይረፍድ ይታሰብበት!