ጭብጨባው ይቅር፣ ጥያቄው ይምጣ

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ለግንቦት 20 በዓል ድራማ አዘጋጅቶ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ የደርግ ወታደር መሆን ነው። ብዙም የሚያስቀና ቦታ አይደለም። ወታደሩ ሁለት ሰው ይደበድባል፣ አንዲት እናት ላይ ይጮሃል፣ ከዚያ ታጋዮቹ መጥተው ተኩሰው ይጥሉታል፣ ተማሪው ያጨበጭባል። የሚለበስ ነገር ሲጠፋ የድራማ ክበቡ መምህር፣ «ዘበኛውን ለምን አትጠይቃቸውም?» አለኝ።

የዘበኛችንን ስም አናውቅም። «አስር አለቃ» ነበር የምንላቸው። አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። ክረምት ከበጋ የማትለያቸው፣ ቀለሟን የለቀቀች ወታደራዊ ካፖርት ነበረቻቸው። ለምን እንደፈለግኳት ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና አውልቀው ሰጡኝ። «እንዳትቀድብኝ» ብቻ ነው ያሉኝ።

በዕለቱ በሩ ላይ ቆመው በእርሳቸው ካፖርት ሰው ስደበድብ አዩ። ስገደልም አዩ። ጭብጨባውንም ሰሙ። ካፖርቷን ስመልስላቸው አቧራዋን አራገፉና፣ «ሲተኮስብህ እጅህን ዘርግተህ ነው የወደቅከው። ሰው እንደዚያ አይወድቅም» አሉኝ። ሳቅኩና ወደ ክፍሌ ሮጥኩ።

«ታዲያ ሰው እንዴት ነው የሚወድቀው?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ማንም እንድጠይቅ አላስተማረኝም። አጨብጭብ ስባል ማጨብጨብ፣ አውግዝ ስባል ማውገዝ ግን በደንብ ተምሬያለሁ። አስር አለቃ በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥነው ኦጋዴን የዘመቱ፣ እግራቸውንም እዚያ የተመቱ መሆናቸውን ከአንድ መምህር የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በየዓመቱ ሰልፍ ላይ «ጀግኖቻችን» ሲባል፣ ከጀግኖቹ አንዱ ሃያ ሜትር ርቀው በር ይከፍቱና ይዘጉ ነበር።

ይሄ የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ ሥርዓት ጥፋት ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። የማየው ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ዘማች አክብረው አያውቁም። የሚያከብሩት በጊዜው ወንበር ላይ ያለው መንግሥት ስለ ዘማቹ የሚለውን ነው። መንግሥት ሲቀየር ባነሩ ይወርዳል፣ ሰውዬውም አብሮ ይወርዳል።

ማስረጃ ከተፈለገ የአርበኞችን ቀን ማየት ይበቃል። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት የተመለሱት ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933። ስለዚህ በንጉሡ ዘመን የድል በዓል ሚያዝያ 27 ሆነ። ደርግ መጣና «ይሄማ የንጉሡ መመለሻ ቀን ነው» ብሎ በዓሉን ከተማዋ ከጣሊያን እጅ ወደወጣችበት ወደ መጋቢት 28 አዞረው። ደርግ ሲወድቅ ተመልሶ ሚያዝያ 27 ሆነ። ዱር የገቡት አርበኞች ያው ናቸው፤ ቁስሉም፣ የአምስት ዓመቱ ረሃብም ያው ነው። የተለወጠው ቀኑን የሚቆጥረው ሰው ነው። አንድ አርበኛ በዕድሜው ሦስት መንግሥት ኒሻኑን አድርጎ እንዲሰለፍ ጠርቶታል፤ «አንተስ የቱን ቀን ትመርጣለህ?» ብሎ የጠየቀው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

በላይ ዘለቀንም አስቡት። ጎጃም ውስጥ አምስት ዓመት ከጣሊያን ጋር ተዋጋ። በ1937 የሰቀለው ጣሊያን አልነበረም፤ ሚያዝያ 27ን በየዓመቱ የሚያከብረው የገዛ መንግሥቱ ነው። ዛሬ ስሙ በመንገድም በትምህርት ቤትም ላይ አለ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል፤ ከዚያ በፊት ግን ስሙ «ግንቦት ሃያ» ነበር። እዚያ ማኮብኮቢያ ላይ ያለውን ታሪክ አንድ መምህር ወስዶ ክፍል ውስጥ ቢዘረግፈው የአንድ ሙሉ ሴሚስተር ትምህርት ይወጣዋል። እኛ ግን የምንማረው ስሙን ብቻ ነው፤ ማን እንደሰቀለው ይዘለላል፤ ጥያቄ ያመጣላ!

የኮሪያ ዘማቾች ነገር ደግሞ ይብሳል። በ1943 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ኮሪያ ዘመተ። ከመቶ በላይ ሰዎች ከዚያ በሕይወት አልተመለሱም። ሥርዓቱ ሶሻሊስት ሲሆን፣ ከኮሚኒስት ጋር ተዋግቶ የመጣ ሰው የሚያኮራ መሆኑ ቀረና የሚያሳፍር ሆነ። ብዙዎቹ ሜዳልያቸውን ሳጥን ውስጥ ከተው አፋቸውን ያዙ። ዛሬ አፍንጮ በር መታሰቢያ አላቸው፤ ቹንቾን በምትባል የኮሪያ ከተማም አዳራሽ ቆሞላቸዋል። መቼም ኮረብታውን ሲወጡ ስለ ካርል ማርክስ የተከራከሩ አይመስለኝም። የተላኩበት ሄዱ። ከዚያ በኋላ የተለዋወጠውን የርዕዮተ ዓለም ሂሳብ ግን እነርሱ ከፈሉ።

ካራማራም እንደዚሁ ነው። ጅግጅጋ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። አብረው የወደቁት የኩባ ወታደሮች ምስል እስከ ዛሬ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ትግላችን ሐውልት ሥር አለ። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ዘመን ግን ካራማራ የሚል ቃል ሰልፍ ላይ ሲነሳ አንድም ቀን አልሰማሁም። «የደርግ ጦርነት» ነበራ። ከ2010 ወዲህ ስሙ ተመልሷል፤ በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ስልካችን በካራማራ ፎቶ ይሞላል። ደስ ይላል? አዎ፣ ለአስር አለቃ ስል ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ካራማራ ተራራው ጅግጅጋ አፍንጫ ሥር ነው። እዚያ ከተማ ውስጥ አያቱ በዚያኛው ወገን የተሰለፈ፣ ወይም በሁለት ጦር መሐል ቤቱ የፈረሰበት ልጅ ይማራል። እርሱንም ዝም ብለን አጨብጭብ ልንለው ነው?

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነሱብኛል።

የመጀመሪያዎቹ «ታዲያ ለምን ጭራሽ አይቀርም? ትምህርት ቤት ከፖለቲካ ነጻ ይሁን» የሚሉ ናቸው። ቅን ሰዎች ናቸው፤ ሐሳባቸው ግን አይሠራም። ትምህርት ቤቱ ዝም ሲል ልጁ ዝም አይልም፤ ቲክቶክ ይከፍታል። እዚያ ደግሞ ጦርነት ማለት ሙዚቃ የተደረገበት የሠላሳ ሴኮንድ ቪዲዮ ነው፤ ሁሉም ያሸንፋል፣ የሚያነክስ የለም። አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ያ ቪዲዮ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል። ጦርነትን አቅልሎ የሚያወራ ሰው ሞልቷል፤ ከጦርነት የተመለሱ፣ እኔ የማውቃቸው ሰዎች ግን ከእነዚያ ውስጥ የሉበትም።

ሁለተኞቹ ከበድ ያለ ነገር ነው የሚያነሱት። «የደርግ ወታደር አክብሩ ትለናለህ? ሐውዜንስ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 በገበያ ቀን ከአየር የተደበደበችው ሐውዜን ከማንም አእምሮ መውጣት የለባትም። አያቷን እዚያ ገበያ ላይ ያጣች ልጅ የእኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ቢሆን፣ ለአስር አለቃ ተነሺና አጨብጭቢ የሚላት መምህር ግፍ ይሠራባት ነበር። በዚህ ላይ አልከራከርም።

ግን ሁለት ነገሮች አደባልቀናል። የዘመተን ሰው ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ያዘመተውን ማጽደቅ ሌላ ነገር ነው። በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ከገበያ፣ ከእርሻ፣ ከትምህርት ቤት በር በአፈሳ የተወሰደውን ልጅ፣ ቦምብ ጣሉ ብሎ ትእዛዝ ከፈረመው ሰው ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ መክተት ፍትሕ አይደለም። ወንጀል የሠራ ካለ ቦታው ፍርድ ቤት ነው፤ ስድስተኛ ክፍል አይደለም። ማክበር ደግሞ ምሕረት ማለት አይደለም። ማክበር ማለት ሰውየው በራሱ አፍ እንዲናገር ቦታ መስጠት፣ ከዚያም በቁም ነገር መጠየቅ ነው። ያቺ ልጅ አታጨብጭብ። ትጠይቃቸው። «ስለ ሐውዜን ስትሰሙ ምን አላችሁ?» ትበላቸው። እርሳቸውም ይመልሱ፤ መመለስ ካቃታቸውም ዝምታቸውን ክፍሉ ሁሉ ይይ። ካፖርት አልብሶ ከሚገድል ድራማ፣ ካባ አልብሶ ከሚያመልክ ሰልፍም ይሄ ይሻላል።

ይህን የምለው የድሮውን ለማከም ብቻ አይደለም። የዛሬው ይብሳል። ከ2013 እስከ 2015 በሰሜን የተደረገው ጦርነት በየክፍሉ ልጅ ትቷል። ጥቅምት 24 ለአንዱ ቤት የክህደት ቀን ነው፤ ሌላው ቤት ደግሞ የመከራው መጀመሪያ ነው። በ2016 ጥቅምት ትግራይ ውስጥ ለሦስት ቀን ይፋዊ ሐዘን ሲታወጅ፣ የልጆቻቸውን መርዶ ያን ጊዜ የሰሙ ቤተሰቦች ነበሩ። ጎንደር፣ ወሎና አፋርም ሐዘኑ እንዲሁ በየቤቱ ነው። አንዳንድ ቦታ ጠመንጃው ዛሬም አልተኛም። የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው አንድ ላጲስ ይዋዋሳሉ። አንዱ አባቱ ከመከላከያ ነው፣ አንዱ አጎቱ ከዚያኛው ወገን ነው፣ አንዷ ደግሞ ወንድሟ የት እንዳለ አታውቅም። ሰልፍ ላይ «ጀግኖቻችን» ሲባል ሦስቱም በልባቸው የሚያስቡት ሰው ይለያያል። ያንን የሚያውቅ መምህር ማይኩን ይዞ ይፎክራል፤ ወይም ላብ በላብ ሆኖ ቶሎ ወደ ማስታወቂያ ያልፋል።

ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ኮሚቴም አይፈልግም።

ባነሩ ይቅር። በዚያ ምትክ አንድ ዘማች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አርባ ልጆች መሐል፣ ወንበር ይሰጠው። ሜዳ ላይ ለሁለት ሺህ ተማሪ በማይክ ሲያወራ ሐውልት ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ሰው ይሆናል። የትኛው መንግሥት እንዳዘመተው የመግቢያ ፈተና አይሁን። አንድ ዓመት የኦጋዴን ዘማች፣ ሌላ ዓመት የባድመ፣ ሌላ ዓመት ነፍጥ ይዞ በረሃ የወረደ ታጋይ ይምጣ። ቢቻል ሁለት በተለያየ ወገን የነበሩ ሰዎች አብረው ይምጡ። ጠላቶች የነበሩ ሽማግሌዎች ቡና ሲጠጡ ማየት ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከአንድ የሥነ ዜጋ መጽሐፍ የበለጠ ይነግረዋል።

ጥያቄ ደግሞ በግዴታ ይኑር። ተማሪዎቹ ቀድመው ይጻፉት፤ መምህሩ ክብረ ነክ የሆነውን ይለይ እንጂ ከባድ የሆነውን አይሰርዝ። «ሰው ገድለዋል?» ይባል። «ለምን ሄዱ? በውድ ነው በግድ?» ይባል። «ቢደገም ይሄዳሉ?» ይባል። «ከተመለሱ በኋላ ማን ረዳዎት?» የሚለውን ግን ማንም እንዳይረሳው። በ1983 በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ሲበተን፣ በየመንገዱ ዳር ወታደራዊ ካፖርት ለብሶ እጁን የዘረጋውን ሰው የኛ ታላላቆች አይተዋል። የትኛውም የበዓል ንግግር ለዚያ ጥያቄ መልስ ይዞ አያውቅም።

ጭብጨባም በፈቃድ ይሁን። ያላጨበጨበ ልጅ ዩኒት ሊደር ቢሮ አይጠራ። አገሩን ስለማይወድ ላይሆን ይችላል። ቤቱ ውስጥ ገና ያልተነሳ ድንኳን ሊኖር ይችላል።

መምህራን «ይሄን ብናደርግ ማን ያስቀምጠናል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ፍርሃታችሁ መሠረት አለው፤ ደሞዛችሁ ከእኔ ጽሑፍ ጋር አልተያያዘም። ስለዚህ ከትንሽ ጀምሩ። የትምህርት ቤታችሁን ዘበኛ ስም ጠይቁ። የጽዳቷን ሴት ባል፣ የመዝገብ ቤቱን ሰው፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ጥግ ይዞ የሚቀመጠውን ሰውዬ ጠይቁ። በዚህ አገር የትኛውንም ትምህርት ቤት ዙሩ፤ መቶ ሜትር ሳትሄዱ አንድ ጦርነት ያየ ሰው ታገኛላችሁ።

እናንተም ተማሪዎች ፈቃድ አትጠብቁ። አያታችሁ ቤት ሄዳችሁ ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃውን ክፈቱ። አያታችሁ የደገፉትን ሥርዓት ልትጠሉት ትችላላችሁ፤ እኔም የጠላሁት ብዙ አለ። ቁስላቸው ግን የፓርቲ አባልነት መታወቂያ የለውም።

አስር አለቃን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ካርዴን ስወስድ ነው። በሩን ከፈቱልኝ፣ «ጎበዝ» አሉኝ፣ ወጣሁ። ከዓመታት በኋላ በዚያ ሳልፍ በሩ ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ ስለ እርሳቸው ብጠይቀው አያውቃቸውም። ስማቸውን ልነግረው አልቻልኩም። እኔም አላውቀውማ። ሁለት ዓመት ሙሉ ካፖርታቸውን የለበስኩበትን ድራማ እያነሳን ስንስቅ፣ ስማቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም።