ቮልስን የሚያድስ እጅ የገበሬውንም ፓምፕ ያስነሣል

መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ካገደ ወዲህ፣ ስለ ተሽከርካሪ በተነሣ ቁጥር የሚወራው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ነባሮቹ መኪኖች ግን ዛሬም ከጎዳናው አልወረዱም። ከእነርሱም መካከል አንጋፋው በተለምዶ ቮልስ የምንለው ቮልስዋገን ነው። ይህን መኪና እየገዙ፣ ዝገቱን እያስፋቁና ሞተሩን እያስወረዱ ወደ ጥንት መልኩ መመለስን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። ነገሩ ለብዙዎች የባለ ገንዘብ ቅንጦት ይመስላል፤ በከፊልም ነው። ከገጠሩ በኩል ሲታይ ግን ሌላ ጥቅም አለው።

ቮልስ በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ የመጨረሻው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ በታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዞ የወጣው በዚሁ መኪና ነው።

ይህ መኪና ለእድሳት የተመቸበት ምክንያት አሠራሩ ቀላል መሆኑ ነው። ሞተሩ ከኋላ ተቀምጧል፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተርም ሆነ የውኃ ፓምፕ የለውም። ከካምቢዮው ጋር የታሰረው በአራት ቡሎን ነው፤ እነርሱ ከተፈቱና ሽቦና ቧንቧው ከተነቀለ ሞተሩ በኋላ በኩል ይወርዳል። ፓራፋንጎዎቹም በቡሎን የታሰሩ ስለሆኑ አንዱ ሲጎዳ ብቻውን ይቀየራል። ፈተናው ያለው ከወለሉ ላይ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱና እርጥበቱ ላሜራውን ይበላዋል፤ ባትላሜራው የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ እየበየደ ይተካል። በገበያ የጠፋው ዕቃ ከሌላ የወደቀ ቮልስ ይወሰዳል፤ ካልተገኘም በቶርኖ ተቀርጾ ይሠራል። (ካምቢዮ፣ ባትላሜራ፣ ቶርኖ፣ ካንዴላ፦ ጋራዦቻችን አብዛኛውን ቃላቸውን ከጣሊያንኛ ወርሰው እስከ ዛሬ ይዘውታል።)

አሁን ወደ ፎገራ እንሻገር። በጉማራና በርብ ወንዞች ዳር ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ የሚጠቀምበት አነስተኛ የቤንዚን ፓምፕ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ካርቡሬተር፣ ካንዴላ፣ ፒስተንና ፋሻ ያለው ሞተር ነው። ከመጠኑና ከሲሊንደሩ ቁጥር በስተቀር በመሠረቱ የቮልስ ዘመድ ነው። የሚታመመውም በተመሳሳይ በሽታ ነው። ለዓመታት ቆሞ የከረመ ቮልስ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጦ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ክረምቱን ቤንዚኑ ሳይወጣለት ጎጆ ውስጥ የከረመ ፓምፕም በበጋው መባቻ አልነሣ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። ሰኔ ላይ ቤንዚኑን ማውጣት፣ ከዚያም በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ሞተሩን ማስነሣት ምንም ወጪ የለውም።

ፓምፑ ከተበላሸ ግን ጥበቃው ብዙ ያስከፍላል። በደረቅ ወቅት ሽንኩርት አንድ ሳምንት ውኃ ሲያጣ ምርቱ ይቀንሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ለገበሬው ከባድ ስለሆነ፣ ያለውን አድሶ መጠቀም የግድ ነው። ለዚህም ካርቡሬተር ፈትቶ የሚያጥብ፣ ፋሻ የሚቀይር፣ የተበላውን ዘንግ በቶርኖ የሚያስተካክል ባለሙያ ያስፈልጋል።

ይህን ሙያ ወጣቱ ከየት ይማረዋል? አዳዲሶቹ መኪኖች የሚመረመሩት በኮምፒዩተር ነው፤ የኤሌክትሪኮቹ ካርቡሬተርም ፒስተንም የላቸውም። በጋራዥ ውስጥ ሞተር እስከ መጨረሻው ተፈትቶ፣ እያንዳንዱ ክፍል ተለክቶ፣ ሳይቸኮል እንዲገጠም ከፋይ የሚገኘው እየቀነሰ ነው። ለዚህ ትዕግሥት ገንዘብ ከሚያወጡት ጥቂቶች መካከል የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች ይገኙበታል። በእኔ እምነት የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ሳያስቡት የሙያ ትምህርት ቤት ሆኗል።

የአሮጌ ሞተር ጭስ መጥፎ እንደሆነ የሚናገሩ ወገኖች ትክክል ናቸው። የፀሐይ ኃይል ፓምፕም የቤንዚኑን ቦታ እየወሰደ መሄዱ አይቀርም፤ ሆኖም ሁሉም ማሳ ዘንድ ነገ አይደርስም። ሌሎች አገሮች ለጥንታዊ መኪኖች የተለየ ደንብ አውጥተዋል። ጀርመን 30 ዓመት ለሞላቸውና የቀድሞ ይዘታቸውን ለጠበቁ ልዩ ሰሌዳ ትሰጣለች፤ ብሪታንያም 40 ዓመት የሞላቸውን ከዓመታዊ የተሽከርካሪ ግብር ነፃ ታደርጋለች። ለእኛ ገጠር ግን ከሰሌዳውና ከግብሩ ይልቅ የሚቀድመው የባለሙያው ጉዳይ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የአውቶሞቲቭ ሠልጣኞቻቸውን ለተግባር ልምምድ ሲመድቡ ቮልስ የሚያድሱትን ጋራዦችም ቢጨምሩ ወጪው ብዙ አይሆንም። የልምምዱ ጊዜም ከጥቅምት በፊት ቢሆን፣ ሠልጣኞቹ ለመስኖው ወቅት የሚመጡትን ፓምፖች ሲፈቱ ይደርሳሉ።