የቀበሌ ባለሙያው ዝለት የአርሶ አደሩም ጉዳይ ነው

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ገጠር ቀበሌዎች የመንግሥት አገልግሎት ወደ አርሶ አደሩ ደጅ የሚደርሰው በጥቂት ወጣቶች እግር ነው። በፖሊሲው መሠረት በአንድ ቀበሌ ሦስት የግብርና ባለሙያዎች ይመደባሉ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተጨምረዋል። መምህራኑን ስንጨምር ቀበሌው በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ በሚገኙ፣ ብዙ ተስፋ ይዘው ከኮሌጅ በወጡ ሰዎች ትከሻ ላይ ቆሟል ማለት ይቻላል። ትከሻው መዛል ከጀመረ ማን ያያል? ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

የግብርና ባለሙያው ሥራ በመጽሐፍ እንደተጻፈው ማሳ ለማሳ እየዞሩ ማስተማር ነው። በተግባር ግን ማዳበሪያ ፈላጊ ይመዘግባል፤ ሲዘገይ ወቀሳውን ይቀበላል፤ ብድር ያስመልሳል፤ በበጋ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይመራል፤ ማምሻውን ሪፖርት ያጠናቅራል። ከዚህ ጎን ለጎን ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ቅዳሜና እሑድ ወይም ክረምት የሚማረው ብዙ ነው። በዚህ ላይ የበልግ ዝናብ ሲቀር ወይም ውርጭ ገብሱን ሲመታ አርሶ አደሩ በቅድሚያ የሚጠይቀው እርሱን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለው የጸጥታ ችግርም ከቀበሌ ቀበሌ መንቀሳቀስን ራሱን የሚያስጨንቅ ነገር አድርጎታል።

እንዲህ ያለውን ከሥራ የሚመጣ መዛል በስሙ ጠርቶ የጻፈው በ1974 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቡና ባለሙያ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው። ትኩረቱን የሳቡት ሰነፎቹ አልነበሩም፤ ከሁሉ በላይ ይተጉ የነበሩት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር የሥራ ዝለትን ራሱን የቻለ በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ብሎ በሦስት ምልክቶች ገልጾታል። እነርሱም ኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና ማጣጣል፣ ሥራው ፍሬ የለውም ብሎ ማመን ናቸው። ጭንቀት ግን ከዚህ ይለያል። ለወራት ሳይለቅ ሲቆይ፣ እንቅልፍ ሲነሣ፣ የዕለት ኑሮን ሲያውክ ሕክምና የሚሻ ሕመም ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ይመጣሉ።

በእኛ አካባቢ ጭንቀት በስሙ አይጠራም። «ጨጓራዬ ነው»፣ «ልቤን ያርደኛል»፣ «ሐሳብ በዛብኝ» ይባላል። ወጣቱ ባለሙያ ለጨጓራው መድኃኒት ይገዛል፤ ለብርዱም ለሐሳቡም ብሎ ማታ አረቄ ይቀምሳል። አረቄው ቶሎ ያስተኛል እንጂ ሌሊቱን እንቅልፍ ይቆራርጣል፤ በማግሥቱ ጭንቀቱ ብሶ ይነሣል። ሌላው መውጫ ዝውውር መጠየቅ ነው። ካልተሳካ አካሉ በቀበሌው ይቀራል፣ ልቡ ግን ቀድሞ ሄዷል።

አርሶ አደሩ ይህን ሁኔታ ስንፍና ብሎ ቢፈርጅ አይፈረድበትም፤ የሚያየው ውጤቱን ነውና። ባለሙያው ማሳ ሳይረግጥ ሪፖርት ይሞላል፤ ክሽክሽ ገብሱን ከወረረ በኋላ ይደርሳል፤ የበጎች ክትባት ቀጠሮ ያልፋል። የጤና ባለሙያዋም ነፍሰ ጡሯን ቤት ድረስ ሄዳ ማየቱን ትተዋለች። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት ይባክናሉ። ከዚህ ውስጥ የመንዝ ድርሻ በማሳና በጉረኖ የሚቆጠር ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ሲሰማ የሚመጣበት ወይ ብርቱ መድኃኒት ወይ አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ለአብዛኛው ጭንቀት ግን መነሻው በሥርዓት የሚመራ ንግግር ነው። ሐኪሙ ምክር አይደረድርም፤ ሐሳቡን፣ ስሜቱንና ድርጊቱን ነጣጥሎ እንዲያይ ታካሚውን ይረዳዋል። ለምሳሌ «ዕቅዴን ካላሟላሁ ዋጋ ቢስ ነኝ» የሚል ሐሳብ ቢኖር፣ ዕቅዱ ለምን እንዳልተሟላ አብረው ይመረምራሉ፦ የማዳበሪያው መዘግየት የማን ሥራ ነበር? በእጅህ የነበረው የትኛው ነው? ከዚያ በእጁ ያለችውን አንዲት ነገር መርጦ እስከ ሚቀጥለው ቀጠሮ ይሠራል። አተነፋፈስን ማርገብ፣ የመኝታ ሰዓትን መጠበቅ፣ ከተዉት ማኅበርና ጨዋታ ጥቂት በጥቂት መመለስ የሕክምናው አካል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንድ መመሪያ እንዲህ ያለውን እርዳታ በአምስት ሳምንታዊ ቀጠሮዎች፣ እያንዳንዳቸው በ90 ደቂቃ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም ያልሆነ ነገር ግን የሠለጠነና ክትትል የሚደረግለት ሰው እንዲሰጠው አድርጎ አዘጋጅቶታል። ሕመሙ ሲጠና መድኃኒት ይታከላል፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት።

ሐኪም በሌለበት አገር ይህ እንደሚቻል ዚምባብዌ አሳይታለች። በዚያ አገር ሾና ቋንቋ ሕመሙ «ኩፉንጊሲሳ» ይባላል፤ ትርጉሙ አብዝቶ ማሰብ ነው፤ ከእኛ «ሐሳብ በዛብኝ» ጋር አንድ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. በሐራሬ የተከበሩ አሮጊቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የ573 ሰዎች ጥናት እንዳሳየው ከአሮጊቶቹ ጋር የተነጋገሩት ከስድስት ወር በኋላ በመደበኛው አገልግሎት ከታዩት የተሻለ እፎይታ አግኝተዋል። ሽምግልና፣ የንስሐ አባትና ሰንበቴ ላለው ሕዝብ ይህ እንግዳ ሐሳብ ሊሆን አይገባም። ልዩነቱ ሥልጠናውና ምስጢር ጠባቂነቱ ነው፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ምስጢር ትልቁ ጭንቅ ነው።

በአገራችን የአእምሮ ጤናን ከጠቅላላ ሕክምና ጋር የማዋሐዱ ሥራ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ተጀምሯል፤ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ነው። ሆኖም ከራቤል ወይም ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስ የቀናት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለመርሐቤቴ ሰው ደግሞ የዞኑ ዋና ከተማ ከመንገዱ ውጭ ነው፤ ከዓለም ከተማ የሚወጣው መንገድ በሙከጡሪ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወስዳልና። አምስት ተከታታይ ሳምንት እንዲህ መመላለስ አይታሰብም። ስለዚህ አገልግሎቱ በጤና ጣቢያ ደረጃ ካልተገኘ ለቀበሌ ባለሙያው የለም ማለት ነው።

ጸበልን ከሕክምና ማጣላትም አያስፈልግም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ብዙ ሕይወት የሚነካ ክርክር አርግቧል። ጭንቀትም በዚያው መንገድ ሊታይ ይችላል።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ውኃ የቋጠረን ማሳ ሳያጠነፍፉ ምርጥ ዘር መዝራት ምን እንደሚያስከትል የደጋ አርሶ አደር ያውቀዋል። ባለሙያውን አክሞ ወደዚያው የዘመቻ ክምር መመለስም ከዚህ አይለይም። የመንዝ አባቶች ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ሲያስተዳድሩ ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ዕረፍቱን የምርቱ አካል አድርገው ስለ ቆጠሩት ነው ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየው። ለሰውስ? ብድር ማስመለስ ከግብርና ባለሙያው ላይ ቢነሣ፣ ሦስት መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው ሪፖርት አንድ ቅጽ ቢሆን፣ የዓመት ፈቃድ በዘመቻ ምክንያት ባይሰረዝ አብዛኛው ዝለት ሐኪም ሳያስፈልገው ይቀላል ብዬ አምናለሁ። እኛ ከግብርና ኮሌጅ የወጣነው ስለ ዋግና ስለ አፈር መከላት ብዙ ተምረናል፤ ስለ ራሳችን ድካም የተነገረን ግን አንድ ገጽ አይሞላም።

የወረዳዎች የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ የሚረቀቀው ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። በየጤና ጣቢያው አንድ ነርስ ለማሠልጠንና በሳምንት ግማሽ ቀን ለዚሁ ለመመደብ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ በዕቅዱ ውስጥ አንድ መሥመር ይጠይቃል። የቀበሌ ምክር ቤት አባል የሆነ አርሶ አደር ዕቅዱ ለውይይት ሲቀርብለት ያ መሥመር ስለ መኖሩ መጠየቅ ይችላል።