የዓባይን ልጅ ጭስ አስለቀሰው!

“የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው” ይሉ ነበር አበው። እኛ ደግሞ ተረቱን ልናድሰው ነው መሰለኝ። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እሰየው! ከደመወዜ ቆጥቤ ቦንድ የገዛሁ ሰው ነኝና ደስታው የእኔም ነው። ግን ግድቡ በተመረቀበት አገር አብዛኛዋ እናት ዛሬም እንጀራ የምትጋግረው በእንጨት፣ በኩበትና በቅጠል ነው።

“መስመር ሲዘረጋ ሁሉም ይስተካከላል” የሚለኝ ሹም አይጠፋም። መስመር ብቻውን እንጀራ አይጋግርም፣ ጌታዬ!

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። ከተሜው የሚያውቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። ሽቦው ከሸክላው ሥር ነው የሚቀበረው፤ ሸክላ ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ከበታቹ ደህና መከላከያ ስለሌለው ብዙው ሙቀት ወደ ታችና ወደ ጎን ይባክናል። አንድ ሚሊዮን ቤት ቅዳሜ ጠዋት ምጣዱን እኩል ቢለኩስ 3,500 ሜጋዋት ጠየቀ ማለት ነው፤ ከሕዳሴው ሙሉ አቅም ሁለት ሦስተኛውን! በአገሪቱ ያለው ቤት ደግሞ አንድ ሚሊዮን ብቻ አይደለም። አሁን ምጣዱ ተሻሽሎ ከአምስት አንድ እጁን ቢቆጥብስ? 700 ሜጋዋት ተረፈ። የተከዜ ግድብ አቅም 300 ሜጋዋት ነው። ወንዝ ሳንገድብ፣ ገበሬ ሳናፈናቅል ሁለት ተከዜ አገኘን ማለት አይደለም?

ይህን “ግድብ” ማን ይሥራው? ዩኒቨርሲቲ ነዋ! ችሎታ የለም እንዳይባል፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በፀሐይ እንጀራ መጋገር እንደሚቻል አሳይተዋል። መስታወት ጨረሩን ሰብስቦ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ወደ ምጣዱ ሄዶ ያግለዋል። ጭስ የለ፣ ማገዶ የለ። ጥናታቸውም በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከዚያስ? ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ። ትግራይ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦባት ከረመች። በመድፍ መሐል ምን ዓይነት ምርምር ያድጋል?

ጦርነት ባልደረሰበትስ ቢሆን? ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ያስጠርዛል፣ ይጨበጨብለታል፣ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ዩኒቨርሲቲ ያንኑ ምጣድ እንደ አዲስ “ያጠናል”። አውደ ጥናት ይጠራል፣ አበል ይከፈላል፣ የአቋም መግለጫ ይነበባል። ምጣዱ ግን ያው የጥንቱ ምጣድ ነው።

በበኩሌ የጎደለው እውቀት ሳይሆን መገናኘት ነው እላለሁ። የሸክላን ጠባይ ከማንም በላይ የምታውቀው ሸክላ ሠሪዋ ናት፤ ስትሰደብና ስትገለል የኖረች ባለሙያ! መሐንዲሱ ሙቀት ይለካል፤ የትኛው አፈር እሳት እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ የምትነግረው ግን እርሷ ናት። የእንጀራው ዓይን ካላማረ ደግሞ የትኛዋም እመቤት በዶክተር ማዕረግ ተታልላ ምጣድ አትገዛም። ስለዚህ መሐንዲሱ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ጋጋሪዋና መብራት ኃይል በአንድ ምድጃ ዙሪያ ይቀመጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ!

መንግሥትም በየዩኒቨርሲቲው የበተነውን የምርምር በጀት በአንድ ሥራ ላይ ለሚተባበሩት ይስጥ። ተመራማሪውም ባሳተመው ወረቀት ብዛት ብቻ ሳይሆን ጭስ ባጠፋበት ቤት ብዛት ይመዘን። ኤሌክትሪክ የሚዘገይበት ገጠር ደግሞ የፀሐዩ ጥናት ካቆመበት ይቀጥል።

ነገሩ የቅንጦት አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከሁሉ የሚጎዱት ምድጃ ሥር የሚውሉት ሴቶችና ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው።

ለግድቡ ብላ መቀነቷን የፈታች እናት “ቆይ፣ ላጥናው” አላለችም። ጭሱ ይቁምልኝ ስትል “ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው” ብሎ መመለስ ነውር ነው!