ጠርቶ ከደጅ መመለስ



በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ከስቴታቸው ውጭ ለሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርስቲ ያመለክታሉ። «ተቀብለንሃል፣ እንኳን ደስ ያለህ» የሚል ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ዋጋው ብዙ ጊዜ የነዋሪው ልጅ ከሚከፍለው ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ርዳታ ሲጠይቁም «ይህ ለስቴታችን ልጆች ብቻ ነው» ይባላሉ። እኛ ይህን ጠርቶ ከደጅ መመለስ እንለዋለን።

ተከራካሪዎቻችን «ዩኒቨርስቲውን ያቆመው የነዋሪው ግብር ነው» ይላሉ። መልካም፤ በዋጋው አንጣላም። ነገር ግን ዋጋ ሌላ፣ ርዳታ ሌላ ነው። እንግዳው ግብር ስላልከፈለ ዋጋ ተጨመረበት፤ ታዲያ ድኻ ስለሆነ ሁለተኛ የሚቀጣው በየትኛው ፍርድ ነው?

«አይቻልም» የሚለንም ዙሪያውን ይመልከት። የቨርጂኒያ ዩኒቨርስቲና በቻፕል ሂል ያለው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርስቲ ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ የተቀበሉት የአገሩ ተማሪ ከየትኛውም ስቴት ቢመጣ የተረጋገጠ ችግሩን በሙሉ ለመሸፈን ቃል ገብተዋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ግን የራሱን የችግረኞች ርዳታ ለሌላ ስቴት ልጅ አይሰጥም። እንግዲህ ልዩነቱ የፈቃድ እንጂ የመቻል ብቻ አይደለም።

ለመሆኑ ድንበሩ ምንድር ነው? ዋሽንግተንን ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚለየው ኢስተርን አቬኑ የሚባል አንድ መንገድ ነው። የዋሽንግተን ልጅ በሌላ ስቴት የመንግሥት ኮሌጅ ሲገባ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት የዋጋውን ልዩነት የሚያቃልል ርዳታ ሊያገኝ ይችላል። አባቱ የቤት ኪራይ ከብዷቸው መንገዱን ከተሻገሩ ግን ያ ርዳታ ይቀርበታል፤ በሜሪላንድም ነዋሪ ለመባል 12 ወር ይጠብቃሉ። ልጁ ያው፣ ችግሩም ያው!

በብዙ ስቴቶች ደግሞ ለትምህርት ብሎ የተቀመጠበት ጊዜ ለነዋሪነት አይቆጠርለትም። እየሠራ፣ ግብር እየከፈለ፣ አራት ዓመት እንግዳ ሆኖ ይመረቃል። ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በቭላንዲስና በክላይን ክርክር፣ ተማሪ ነዋሪነቱን የማስረዳት ዕድል ሊነፈግ እንደማይገባ ፈርዷል። ይህን መብት አውቀን እንጠቀምበት።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

1ኛ/ ማንኛውም ዩኒቨርስቲ የማመልከቻ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት፣ ርዳታው ለሌላ ስቴት ልጅ ክፍት መሆን አለመሆኑን በግልጽ ይጻፍ።

2ኛ/ ከእንግዶች ከሚሰበሰበው ትርፍ ዋጋ ከፊሉ ለችግረኞቻቸው ይመደብ።

3ኛ/ መምህራን ሆይ፣ በየጉባኤያችሁ ይህን አንሡልን።

አመልካቾችም የፌደራሉን የርዳታ ቅጽ ሳትሞሉ አትቅሩ። የፔል ርዳታ የስቴት ድንበር አያግደውም። ነገር ግን ከፍተኛው መጠን ለ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው፤ የእንግዳውን ሒሳብ እንደማይዘልቀው ቀድማችሁ ዕወቁ። የቀረውን ማን እንደሚሸፍን ዩኒቨርስቲውን በጽሑፍ ጠይቁ።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በዚህ ነገር ግን ዝም ያለ ሲነቅዝ አይተናል። ርዳታ ምጽዋት አይደለምና ደጅ አንጠናም፤ እንጠይቃለን!