ሳይጠይቁ መፈረም፣ ሳይጠይቁ መሸሽ

በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ ቤተሰብ ተሰብስቦ ስለ በሽተኛው ሲመክር አብረህ ብትቀመጥ አንድ አነጋገር ሳትሰማ አትነሣም፦ «አዲስ መድኃኒት ሊሞክሩበት ነው አሉ፤ ልጃችንን ለሙከራ አንሰጥም። ሽፋ ከአላህ ነው።» ምክሩ በዚሁ ያበቃል። በሽተኛውን «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚለው የለም።

ሽፋ ከአላህ መሆኑን የሚክድ ሙስሊም የለም። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዝዘውናል። ተወኩል ሰበብን ካደረሱ በኋላ የሚመጣ እንጂ ሰበብን የሚያስቀር አይደለም። ለመሆኑ ዛሬ ከጤና ጣቢያ ተቀብለህ የምትውጠው ክኒን እንደሚያድን በምን ታወቀ? ከአንተ በፊት «እሺ» ብለው በወሰዱት ሕሙማን አይደለምን?

ሩቅ አንሂድ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው ሰው ቀድሞ 20 ወርና ከዚያም በላይ ይታከም፣ ለወራትም በየቀኑ መርፌ ይወጋ ነበር። መርፌው የብዙዎችን ጆሮ አደንቁሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 ስትሪም የተባለው ሙከራ ሲጀመር አገራችን ከአራቱ ተሳታፊ አገሮች አንዷ ነበረች። ሥራው የተካሄደው አዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው። በ2019 ውጤቱ ሲወጣ ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው ሕክምና ከረጅሙ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ዙር በሰባት አገሮች 588 ሕሙማን ገቡ። በ2022 እንደታወቀውም በመርፌው ፋንታ ቤዳኩሊን የተባለውን ክኒን ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 83ቱ ያህል መልካም ውጤት ሲያገኙ፣ በመርፌው ከታከሙት ግን 71 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ሳይወጋ ታክሞ የሚድን ወንድምህ ከአላህ ቀጥሎ የእነዚያ ስማቸውን የማናውቃቸው ሕሙማን ባለዕዳ ነው።

ታዲያ የተጠየቀ ሁሉ ይፈርም ማለቴ ነውን? በፍጹም! ሙከራ የመዳን ውል አይደለም፤ ላይጠቅም፣ ሊጎዳም ይችላል። የኢንስቲትዩቱ ስም ራሱ ትምህርት አለበት። ሐንሰን በ1873 የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ያገኘ ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ይኸው ታላቅ ሰው በ1879 በሽታው እንደሚተላለፍ ለማረጋገጥ ሲል የአንዲትን ሕመምተኛ ዓይን ሳያስፈቅዳት ወጋ። በ1880 የበርገን ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው፤ ከሆስፒታል ሐኪምነቱም ተነሣ። ዕውቀቱ አላዳነውም።

እንግዲህ ፍርሃታችን ከንቱ አይደለም። የፍርሃት መድኃኒቱ ግን መጠየቅ እንጂ መሸሽ አይደለም። ስለዚህ ጠይቅ! ወረቀቱን በምሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ አንብቡልኝ በል። ከተለመደው መድኃኒት በምን ይለያል? የትኛው እንደሚደርሰኝ በዕጣ ነውን? የታወቀ ጉዳቱ ምንድን ነው? ብጎዳ ማን ያክመኛል? ከጭሮ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሳፈሪያውን ማን ይከፍላል? መሐል ላይ ብተው የተለመደው ሕክምናዬ ይቀጥላልን? በረመዷን ክኒኑን በየትኛው ሰዓት እወስዳለሁ? ካፕሱሉስ ከምን ተሠራ? የሥነ ምግባር ኮሚቴውና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅደዋልን? በጥያቄህ የሚቆጣ ሰው ካጋጠመህ መልሱን ሰጥቶሃል፤ ተነሥተህ ሂድ። እምቢ ማለት መብትህ ነው።

አንተ አባወራ ሆይ! አንተም እናት! ባለቤታችሁ ወይም ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጃችሁ ሲታመም መመካከር ሱና ነው፤ ምከሩ፣ አብራችሁ ሂዱ፣ ጠይቁ። ነገር ግን አፋቸው ሆናችሁ አትመልሱላቸው። አካል የአላህ አማና ነው፤ አማናው የተሰጠው ለባለቤቱ ነው። አማናውን የሚጠየቅበትም እርሱ ነው። ስለ ሚስቱ ገላ እሷን ሳይጠይቅ «አይሆንም» ያለ ባልና ሳያስፈቅድ መርፌ ያነሣ ሐኪም ጥፋታቸው አንድ ነው።

ወላሁ አዕለም።