ሦስተኛው ወር ላይ የሚበተነው ቡድን



የጋብቻ ሴሚናር ባለቀ ቁጥር ከተሳታፊዎች አንዱ የሚያነሣው ሐሳብ አለ፤ «ለምን እኛ ባለትዳሮች በየጊዜው እየተገናኘን አንወያይም?» ይላል። ሁሉም ይስማማል፤ ስልክ ይለዋወጣል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሳሎኑ ይሞላል፤ ወንበር ከጎረቤት ይመጣል። በሁለተኛው ወር አንዱ ለቅሶ ገጠመው፣ ሌላው መንገድ ሄዷል ይባላል። በሦስተኛው ወር አስተናጋጆቹ ባልና ሚስት ያፈሉትን ቡና ለብቻቸው ይጠጡታል። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቡድን የሚናገር የለም፤ ቢነሣም ሁሉም አንገቱን ይደፋል።

«ሰው ጊዜ የለውም» የሚለው መልስ እኔን አያረካኝም። ያው ጊዜ የሌለው ሰው ከእድሩ አይቀርም፤ ዕቁቡንም በቀኑ ይጥላል። ከእድር የሚቀር ሰው ምን እንደሚያጣ ያውቃል። ከባለትዳሮች ውይይት የቀረ ሰው ግን የቀረበት ነገር አይታወቀውም፤ ምናልባትም ምንም አልቀረበትም። አንድ ሰው ለአርባ ደቂቃ ያስተማረበት፣ ሌላው «አሜን» ያለበት ስብሰባ ከሆነ እሑድ ጠዋት ያንኑ በተሻለ ሁኔታ ያገኘዋል።

ነገሩ የሚያሳስበኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በአገልግሎት እንደታዘብኩት ሽማግሌ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ሻንጣ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱም ለዓመታት ጎን ለጎን ቆመው ዘምረዋል። የጠየቃቸው የለም፤ እነርሱም የሚናገሩበት ስፍራ አልነበራቸውም። በስብከት ላይ ሰው አይናገርም። ወደ ምክር ክፍል የገባ ደግሞ «ጉዳያቸው ገፍቷል» ተብሎ ይታያል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ትንሹ ነገር ትልቅ ሳይሆን በተራ ቋንቋ የሚነገርበት ቦታ ያስፈልጋል። እንግዲህ ያ ቦታ እንዴት ይሠራል? ከተሠራስ በኋላ እንዴት ሞቅ ብሎ ይቆያል?

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ዘወትር የሚመጣብኝ ምሳሌ ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1727 በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሚባል የ21 ዓመት ወጣት አታሚ የሚያውቃቸውን ሰዎች ሰብስቦ «ጁንቶ» የተባለ የውይይት ክበብ መሠረተ። አባላቱ ባለ ሥልጣናት አልነበሩም፤ በማተሚያ ቤት የሚሠሩ፣ መስኮት ላይ መስተዋት የሚገጥም፣ ጫማ ሠሪ፣ አናጺ፣ መሬት ቀያሽና የነጋዴ ጸሐፊ ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ማታ ይገናኙ ነበር። ፍራንክሊን በኋላ ታዋቂ የአገር መሪና የሳይንስ ሰው ሆነ። ክበቡ ወደ 40 ዓመት ገደማ መቆየቱን የጻፈው ራሱ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ነው። ከእኛ ሦስት ወር ጋር አስተያዩት! (ፍራንክሊን በእኛ አነጋገር ዳግም የተወለደ ሰው ነበር ልላችሁ አልችልም፤ ክበቡም መጀመሪያ የተሰበሰበው መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ሰውን ማወያየት ግን ያውቅበት ነበር።)

የክበቡ ዋና ምስጢር በእኔ አስተያየት ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ አባል ተራው ሲደርስ ጥያቄ ማቅረብ ነበረበት። ጥያቄውም ከውይይቱ በፊት ባለው ሳምንት ይነበብ ስለነበር ሁሉም ሳምንቱን ሲያስብበትና ሲያነብበት ይቆያል። በየሦስት ወሩ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ጽሑፍ ያቀርባል። ከዚህ ሌላ በስብሰባው ሁሉ የሚነሡ 24 ቋሚ ጥያቄዎች ነበሯቸው። ምን ዓይነት ጥያቄዎች መሰሏችሁ? ሰሞኑን ንግዱ የከሰረበት ሰው ታውቃላችሁ ወይ፣ ምክንያቱስ ምን ነበር? አዲስ ሥራ የጀመረና እኛ ልናበረታታው የምንችል ወጣት አለ ወይ? ልታደርገው ባሰብከው ነገር ላይ ክበቡ በምን ሊረዳህ ይችላል? እንዲህ ያሉ፣ መሬት የረገጡ ጥያቄዎች ናቸው።

አሁን ወደ እኛ ሳሎን እንመለስ። «ፍቅር ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት ስብከት ነው። «በትዳር ውስጥ መከባበር ለምን ያስፈልጋል?» ብትሉም ያው ነው፤ መልሱን ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም ከልቡ አይናገርም። «ደመወዝ ሲገባ መጀመሪያ ማን ያየዋል?» ብላችሁ ጠይቁና ክፍሉን ተመልከቱ። ወይም፣ «የባል እናት ለሦስት ወር ልትመጣ ነው፤ ዜናውን ማን ለማን ይናገራል? እንዴትስ ብሎ?» በሉ። መጀመሪያ ሳቅ ይመጣል። ከሳቁ በኋላ አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር ትጀምራለች። ውይይቱ የተጀመረው ያኔ ነው።

ጥያቄውን ሁልጊዜ አንድ ሰው ካመጣው ግን ቡድኑ የዚያ ሰው ይሆናል፤ ሌላው እንግዳ ነው። ስለዚህ ተራ ይሁን። ልጅ በመታቀፍ እጇ የሞላባት እናት እንኳ በሁለት ወር አንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ማዘጋጀት ትችላለች። ጥያቄዋ ሲያወያይ ያየች ሴት በሚቀጥለው ቅዳሜ አትቀርም።

ሌላው የጁንቶ ሕግ የንግግር ሕግ ነው። ሰው በክርክር እየጋለ መሄዱን ሲያዩ፣ ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ማለትንና «ይህ ያለ ጥርጥር እንዲህ ነው» የሚል አነጋገርን ከለከሉ፤ የተላለፈም ትንሽ ገንዘብ ይቀጣ ነበር። በእነዚህ ፈንታ «እንደሚመስለኝ»፣ «እኔ እንደምረዳው» ማለት ፍራንክሊን ለራሱም የዕድሜ ልክ ልማድ አደረገው። ሳይሰሙ መመለስ ስንፍና እንደሆነ መጽሐፈ ምሳሌ አስቀድሞ ነግሮናል፤ የፊላደልፊያዎቹ ግን ሳንቲም ጨመሩበት!

በእኛ ዘንድ ከ«ተሳስተሃል» የሚብስ አንድ አነጋገር አለ፤ በድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እንጂ መናገር አለብኝ። «ጌታ ተናግሮኛል» የሚለው ነው። ጌታ ይናገራል፤ ይህን የምክድ አይደለሁም። ነገር ግን ስለ ቤት ወጪ በሚደረግ ውይይት መካከል አንድ ወንድም ይህን ካለ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? ከሁሉ ይልቅ ሚስቱ አትከፍትም። በውይይት ሰዓት ሁሉም «እኔ እንደሚመስለኝ» ብሎ ይናገር፤ ይህም በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነገር።

ከጁንቶ መሥራቾች መካከል ቶማስ ጎድፍሬይ የሚባል የመስተዋት ገጣሚ ነበር። በራሱ ጥረት የሒሳብ ሊቅ ሆኗል፤ በባሕር ላይ የፀሐይን ከፍታ የሚለካ መሣሪያም ሠርቷል። ክበቡ ግን ሊጠቀምበት አልቻለም። የተነገረውን ሁሉ እንደ ሒሳብ እቅጩን ይፈልጋል፤ በጥቃቅኑ ነገር ሁሉ እየገባ «እንዲህ አይደለም» ይላል። ብዙም ሳይቆይ ክበቡን ተወ። የእናንተም ቡድን አንድ ጎድፍሬይ አያጣም። በሰው ፊት አትገሥጹት፤ በማግስቱ ከቡድኑ የሚቀርበው ሰው ብቻውን ያነጋግረው። አንድ ሁለት ጊዜ ተነግሮት ካልተመለሰ ግን ስለ እርሱ ይሉኝታ ሌሎቹን አሥር ሰዎች አትጡ። በዚህ ላይ ብዙ መሪዎች ይለሰልሳሉ፤ እኔ አልስማማም።

ስለ ፓስተሩስ? ባለቤቴ ወደ አንድ ሳሎን ሲገባ ሰው ሁሉ የእሑድ ቋንቋውን ይለብሳል። ይህን እርሱም ስለሚያውቅ ከባለትዳሮች ውይይት ይቀራል፤ ሲጋበዝ ብቻ ይመጣል። እኔም ብሆን ስገባ የሚቀየር ነገር እንዳለ አያለሁ፤ ስለዚህ ከመሪ ወንበር ይልቅ ቡና የሚፈላበት ጥግ ይሻለኛል። ሽማግሌዎችም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ቁጥጥር የሚያስፈልግ መስሎ ከታያችሁ መሪዎቹን አስቀድማችሁ በሚገባ ምረጡ፤ ከመረጣችሁ በኋላ እመኗቸው።

ዝም የሚሉትን በተመለከተ፣ በእኛ ባህል ሚስት ከመናገርዋ በፊት የባልዋን ፊት ታያለች። ባልም በሚስቱ ፊት ድካሙን መናገር ያፍራል። ስለዚህ ከስብሰባው ግማሽ ሰዓቱን ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም፤ ጆን ዌስሊም በ18ኛው መቶ ዘመን ኃጢአታቸውን እርስ በርስ የሚናዘዙባቸውን ትንንሽ ቡድኖች ሲያደራጅ ያገቡትንና ያላገቡትን፣ ወንዶችንና ሴቶችን ለይቶ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ቡድንን በአንድ ምሽት የሚገድለው ወሬ ነው። ወሬው በእኛ መካከል እንደ ወሬ አይወጣም፤ የጸሎት ርእስ ሆኖ ይወጣል። «ለእነ እገሌ ትዳር ጸልዩላቸው፣ ዝርዝሩን አልነግራችሁም» ይባላል። በሚቀጥለው እሑድ ያቺ እህት ስትገባ ሦስት ሰዎች በርኅራኄ ዓይን ያዩዋታል። ዳግመኛ አትናገርም፤ አጠገብዋ ተቀምጠው ያዩትም አይናገሩም። በዚህ ላይ ሕጉ አጭር ይሁን፤ በዚህ ቤት የተነገረ ነገር ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር በጸሎት ስብሰባ ላይ እንኳ አይነሣም። አንድ ነገር ብቻ ይለያል። አንዲት ሴት እንደምትመታ ከተናገረች፣ ወይም በልጅ ላይ ጉዳት እየደረሰ ከሆነ፣ ያ የውይይት ርእስ መሆኑ አብቅቷል። በዚያው ምሽት የምታድርበት ቦታ መታሰብ አለበት፤ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አይቆይም።

ስለ ምግብ ሁለት ቃል። የመጀመሪያዋ አስተናጋጅ ዳቦና ቡና ታቀርባለች። ሁለተኛዋ ሳንቡሳ ትጨምራለች። አራተኛዋ ዶሮ ትሠራለች። አምስተኛዎቹ ባልና ሚስት ተራቸው ሳይደርስ ይቀራሉ፤ ምክንያታቸውን ግን ለማንም አይናገሩም። ቡናና ቆሎ ብላችሁ ወስኑና ማንም እንዳያልፍ!

በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ወገኖች ይህ ሁሉ ከሌሊት ፈረቃ ጋር እንደማይሄድላችሁ አውቃለሁ። ባል ሲገባ ሚስት በምትወጣበት ቤት ሳምንታዊ ቀጠሮ አይጸናም። በወር አንድ ጊዜ ይሁን፣ ቀኑ ግን አይቀየር። በየጊዜው በሚለዋወጥ ቀን የሚገናኝ ቡድን አይጸናም።

ደግሞም ለመጀመር ብዙ ሰው አትጠብቁ። ሌላ ሰው ባይመጣም ስድስት ወር ሳናቋርጥ እንገናኛለን ብለው ቃል የገቡ ሦስት ጥንዶች ይበቃሉ። የሰው ቁጥር ሲጨምር ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ጁንቶ 12 ያህል ሰዎችን ይዞ ነበር፤ አባላቱ ጓደኞቻቸውን ማስገባት ሲፈልጉ ፍራንክሊን መጨመሩን ተቃወመ። ከዚያ ይልቅ እያንዳንዱ አባል በተመሳሳይ ሥርዓት የራሱን ሌላ ክበብ እንዲያቋቁም ሐሳብ አቀረበ። ሁሉም አልተሳካላቸውም፤ የተቋቋሙት አምስት ወይም ስድስት ብቻ ነበሩ። ስድስት ጥንዶች ስትሞሉ እናንተም ይህን አስቡ። «ተላምደናል፣ አትለያዩን» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው፣ ያማል። ሃያ ሰው በተቀመጠበት ሳሎን ግን አራቱ ያወራሉ፣ አሥራ ስድስቱ ቆሎ ይበላሉ።

ፍሬ የሌለው ወሬ ብቻም አያቆይም። ጁንቶዎች መጻሕፍታቸውን በአንድ ክፍል ሰብስበው በጋራ ማንበብ ጀመሩ፤ የሚጠብቀው ስለጠፋ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ሄደ። ከዚያ በ1731 ፍራንክሊን 50 አባላት ገንዘብ ያዋጡበትን ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ። ቤቶች በምን እንደሚቃጠሉ የጻፈውን መጀመሪያ ያነበበው በዚያው ክበብ ውስጥ ሲሆን፣ በ1736 ደግሞ 30 ሰዎች የቆዳ ባልዲ ይዘው እሳት ለማጥፋት ተደራጁ። የእናንተም ውይይት ወደ እጅ ሥራ ይውረድ። አራስ ካለች ገንፎው በተራ ይሠራ፤ ሥራ ያጣ ባል ካለ ማን ማንን እንደሚያውቅ ይነገር፤ ልጆችን ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የምትይዝ ካለች ሁለቱ ብቻቸውን ይውጡ።

የቀሩትን ሰዎች በተመለከተም ከዌስሊ የምንማረው አለ። በ1742 በብሪስቶል ከተማ የጸሎት ቤቱን ዕዳ ለመክፈል ምእመናኑ በአሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ተከፈሉ፤ አንድ ኃላፊ በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ አንድ ፔኒ እንዲሰበስብ ተወሰነ። ኃላፊዎቹ በየቤቱ ሲዞሩ ያልጠበቁትን አገኙ፤ የሰዉን ኑሮ አዩ። ጥቂት ቆይቶ ገንዘብ መሰብሰቡ የነፍስ ክብካቤ ሆነ። በየቤቱ መዞሩ ጊዜ ስለፈጀ በአንድነት መገናኘት ጀመሩ፤ ከኃላፊዎቹም መካከል ሴቶች ነበሩበት። ከእናንተ ቡድን ሁለት ጊዜ የቀሩ ጥንዶች ካሉ፣ ስልክ ደውላችሁ «ለምን ቀራችሁ?» አትበሏቸው። ሄዳችሁ በር አንኳኩ፤ ስለ ቀሩበት ቀን ሳታነሡ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ፤ የሚቀጥለውንም ጥያቄ እነርሱ እንዲያመጡ ጠይቁ።

ለጥያቄ ለተቸገራችሁ ለመጀመሪያው ቅዳሜ ይህን ውሰዱ፤ ለጥንዶቹ ሁሉ ከሳምንት በፊት ይድረሳቸው። «ካገባችሁ ወዲህ ከወላጆቻችሁ ቤት ልማድ የትኛውን ይዛችሁ ቀጠላችሁ፣ የትኛውንስ ተዋችሁ? ስትወስኑ ተነጋግራችሁ ነበር ወይስ አንዳችሁ ዝም አላችሁ?»